የመንበሩ ስድስት ብሎኖች

ስለ ብሎን ማውራት የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም አልወድም። ሃያ ምናምን ዓመት ስፈታና ሳጠብቅ ኖሬ ያተረፍኩት የማይታጠፍ አውራ ጣትና ጎን የማያሳርፍ ትከሻ ነው። ግን ሰው የሚያወራው የሚያውቀውን ነው፤ እኔ ደግሞ ከቅዳሴ ቀጥሎ የማውቀው ነገር ቢኖር ብሎን ነው። ቅዳሴውን አጣሁት። ብሎኑ ቀረልኝ።

ዲያቆን ነበርኩ፣ እዚሁ ሰቆጣ። ቤተሰባችን ከአባት ከአያት ጀምሮ የደብር አገልጋይ ነው፤ ሌላ ሥራ ይሠራል ብሎ ያሰበልኝም አልነበረም። አናጢነቱን ያመጣብኝ መንበሩ ነው። የደብራችን ታቦት የሚያርፍበት የእንጨት መንበር በምስጥ ተበልቶ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ካህናቱ «ከመካከላችን አንድ ሰው ሙያውን ተምሮ ይሥራው እንጂ የውጭ ሰው አይነካውም» ተባባሉ። ከሁሉ ወጣቱ እኔ ነበርኩና ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ሳይሄድ የቀረ አንድ ጣሊያናዊ አናጢ ኮረም ላይ ነበር። ሦስት በጋ በእግሬ እየተመላለስኩ ከእሱ ዘንድ ተማርኩ።

ጣሊያኑ ብሎንን ቪቴ፣ መፍቻውን ካቻቪቴ ይላል። መጀመሪያ የሰጠኝን ብሎን በመዶሻ ነበር የመታሁት። ምን ላድርግ፣ በእኛ አገር ጫፉ ሹል የሆነ ብረት ሁሉ ይመታል። አልተቆጣኝም። ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ቆየና በተሰባበረ አማርኛው «ቄስ፣ ይሄ ይዞራል፣ አይመታም» አለኝ። ቄስ አይደለሁም፣ ዲያቆን ነኝ ብዬ ብነግረውም አይሰማኝም ነበር።

ብሎን ሁሉ ከአንገቱ በታች አንድ ነው፤ ልዩነቱ ራሱ ላይ ነው። ጣሊያኑ የሚወደው ራሱ ላይ አንድ ስንጥቅ ብቻ ያለበትን ነበር። ባለ ስንጥቁ ለማንም እሺ ይላል። ካቻቪቴ ብታጣ ቢላዋ፣ ቢላዋ ብታጣ የሳንቲም ጠርዝ ይፈታዋል። ደግነቱ እሱ ነው። ክፋቱ ደግሞ መሃሉ ላይ መፍቻውን የሚይዝ ነገር ስለሌለ ወደ ዳር ይልካል፤ ሲያመልጥህ ወይ የለፋህበትን እንጨት ይልጣል፣ ወይ የያዝክበትን እጅ ይወጋል። የግራ መዳፌን ያየ ሰው ከድመት ጋር ስጣላ የኖርኩ ይመስለዋል።

ባለ ስድስት ጎኑ የወፍጮና የመኪና ነው። ራሱ ስንጥቅ የለውም፤ ከውጭ በቁልፍ አንቀህ ታዞረዋለህ። ጉልበት ይችላል፣ ቶሎ አይበላም፣ ሁለት ሰው ቢንጠለጠልበትም ምንም አይል። ግን ከእንጨቱ ላይ አፍጥጦ ስለሚወጣ ለሳጥንና ለበር አያምርም፤ ልብስም ይይዛል። ደግሞ ልክ የሆነው ቁልፍ ከሌለህ አትልፋ። ከአበርገሌ ፍየል ይዘው የመጡ ሰዎች አንድ ጊዜ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆመው ባለ ወፍጮው በጉጠት ሲታገለው አይተው «ይሄን ያሰረው ሰው የሚፈታው አይመስልም» እያሉ ሲስቁ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው።

ባለ መስቀሉ ዘግይቶ ነው የመጣ። በመጨረሻው በጋ ኮረም ላይ ከአሜሪካ የመጣ አንድ የማሽን ሣጥን ሲፈታ፣ ክዳኑ የታሰረባቸው ብሎኖች ራሳቸው ላይ ሁለት ስንጥቅ ተቋርጦ መስቀል ሠርቶ አየሁ። ራሳቸው እንደ ሽምብራ ጉብ ያለ ነው። ጣሊያኑ አልወደዳቸውም። «መፍቻው ከሌለህ አለቀልህ» አለኝ። እኔ ግን ወደድኳቸው። የመፍቻቸው ጫፍ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ መሃሉን ራሱ ፈልጎ ይገባል፤ ወደ ዳር አያመልጥም፣ እንጨት አይልጥም። አንድ ጠባይ ግን አላቸው። ክብደትህን ካልጣልክባቸው መፍቻውን እየገፉ ያስወጡታል፤ እንዲህ ሁለት ሦስቴ ከወጣ ደግሞ የመስቀሉ ማዕዘን ይበላና ክብ ጉድጓድ ይሆናል። ያን ጊዜ ያው ነገር አለቀ። ፈራ ተባ እያለ የሚነካቸውን ሰው አይወዱም።

ማንም ስላልፈለጋቸው አንድ እፍኝ ብሎንና የአሜሪካኑን አንድ መፍቻ አናጢው ሰጠኝ። ይዤ ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ። በሰቆጣና በዙሪያው ያ መፍቻ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በዚህም አልዋሽም፣ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

መንበሩን ከዋንዛ ሠራሁት። መዝጊያው አንድ ነው፤ በሁለት ማጠፊያ ይታሰራል። ማጠፊያ በወጉ የሚደበቅ ነገር ነው። እኔ ግን መስቀሎቹ እንዲታዩ ብዬ ከውጭ በኩል አደረግኩት፣ ብሎኖቹንም አሰለፍኳቸው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በዚያን ጊዜ ገና የተቀሰሰ ወጣት ቄስ ነበር። ሊያየው መጣ። አንዱን ብሎን ከመዳፌ አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው፣ ከዚያ ተሳለመው። «ይህ ለቤተ ክርስቲያን ተብሎ የተሠራ ነው?» አለኝ። ዐይኑ ውስጥ የነበረውን ደስታ አይቼ አይደለም ማለት አቃተኝ። «አዎ፣ ለቤተ ክርስቲያን ብለው ነው የሚሠሩት» አልኩት። እሱም ለካህናቱ ሁሉ ነገረ። መንበሩ በሜሮን ሲከብር ከመስቀል የተሠራ መንበር ተብሎ ተወራ። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ወንድሜን አሞኘኸው እኮ» አለችኝ።

እሷና ወንድሟ ለብቻቸው ሲሆኑ በኽምጣኛ ነው የሚያወሩ። እኔ የመጣሁት ከአማርኛ ተናጋሪ ቤት ስለሆነ መጀመሪያ ላይ አይገባኝም ነበር፤ ቀስ በቀስ ከእሷ ለመድኩት። ወንድሟ በየበዓሉ ቤታችን ነው የሚውል። በርጩማው ተወላገደ፣ የአትሮንሱ እግር ላላ እያለ ይመጣል፤ እኔ ስሠራ እሱ ድጓ እያዜመ አጠገቤ ይቀመጣል። ሲጠራኝ ወንድሜ ይለኛል። ጥሩ ዓመታት ነበሩ፤ ስንኖርባቸው ግን ጥሩ መሆናቸውን አላወቅንም።

ከዚያ ባለቤቴ ለዘመድ ልቅሶ ወደ አበርገሌ ቆላ ወርዳ ንዳድ ይዟት ተመለሰች። ሁለት ሳምንት አልቆየችም። ከዚያ በኋላ ስላለው ብዙ ማለት አልችልም። ሁለት ዓመት ብቻዬን ቆየሁ፤ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ነገር እኔ ብቻ ሆንኩ። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ሴት አገባሁ።

ዲያቆን አንድ ጊዜ ነው የሚያገባው። ሚስቱ ብትሞት ወይ ይመንኩሳል ወይ ክህነቱን ይተዋል። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ አውቄ ነው ያደረግኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመቅደሱ መጋረጃ ወዲያ መግባት የለም፤ መንበሩንም በገዛ እጄ ብሠራውም ዳግመኛ ላየው አልችልም። እሱን ቻልኩት። ያልቻልኩት የሟች ባለቤቴን ወንድም ዝምታ ነው። እሱ በዚያን ጊዜ ቄሰ ገበዝ ሆኖ የደብሩን ንብረትና ቁልፍ የሚጠብቅ ሰው ሆኗል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ገበያ ላይ ስንገናኝ ራሱን ዝቅ አድርጎ ያልፋል፣ እንደ እንግዳ ሰው። በርጩማ አይላላበትም፣ አትሮንስ አይሰበርበትም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሰው እንደገና መጥቶ አጠገቤ እንዲቀመጥ። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

የጥምቀት ዋዜማ፣ የከተራ ዕለት ጧት፣ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ደጄ መጡ። መሮዬን እየሳልኩ ነበር።

«ምነው አባ፣ በደህና?» አልኳቸው።

«መንበሩ እንቢ አለ» አሉኝ። «ቄሰ ገበዙ ሊከፍት ቁልፉን ሲያዞር ቁልፉ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ታቦቱ ከውስጥ ነው።»

«እሱ ነው የላከዎት?»

«የላከኝ ታቦቱ ነው በል። ና ተነሥ።»

ነገሩ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ከሰዓት በኋላ የከተማውና የዙሪያው ታቦታት ሁሉ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳሉ። የእኛ ብቻ ቢቀር ሕዝቡ የዓመቱን ዝናብ ተስፋ ይቆርጣል። መንበሩን በመጥረቢያ መፍለጥ አይቻልም፤ በሜሮን የከበረ ነው፣ ከተሰበረ ጳጳስ ካልባረከው አይሆንም፣ ጳጳስ ደግሞ የት ተገኝቶ። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ቁልፉ የተሰበረው በማን እጅ ነው? ታቦቱ አልወጣም ያለው በማን ኃጢአት ነው? ሕዝቡ ሌላ አይጠይቅም። ያ ሰው ገበዝነቱን ብቻ ሳይሆን ፊቱን ያጣል፤ ሰቆጣ ላይ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም። መፍቻውን፣ ትንሿን መዶሻና አንድ የብረት መጋዝ ምላጭ በነጠላዬ ጠቅልዬ ተነሣሁ። ጉልበቴ ከዳገቱ ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል።

ቅድስቱ ውስጥ አራት አምስት ካህናት ተሰብስበው ቆመዋል። መንገድ ለቀቁልኝ። መጋረጃው ፊት ቆምኩ። ከወዲያ በኩል የጧፍ ብርሃን ይታያል፤ የቄሰ ገበዙንም ትንፋሽ ሰማሁ።

«መጥቻለሁ አባ» አልኩ።

ከዚያ «ስንት ብሎን ነው?» አለ። በአራት ዓመት ውስጥ የተናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«መፍታት ያለብዎት ስድስት ነው። በመዝጊያው በኩል ያሉትን፣ ከላይ ሦስት ከታች ሦስት። የጎኑን አይንኩ። ማጠፊያው ከመዝጊያው ሲላቀቅ መዝጊያው ያለ ቁልፍ ይከፈታል።»

«ቢላዋ አለኝ። በእሱ አይሆንም?»

«ባለ ስንጥቅ ቢሆን ይሆን ነበር። ይህ በመፍቻው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን ባለ ስንጥቅ አላደረግከውም?»

መፍቻውን በመጋረጃው ሥር ሰደድኩለት። እጁ ወጥቶ ወሰደው። አርጅቷል እጁ፤ ጅማቱ ተገትሯል፣ የጧፍ ሰም ደርቆበታል። ያን ያህል ዓመት ማለፉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የላይኛዎቹ ሦስቱ እሺ አሉ። ሳስራቸው ጥርሳቸውን በዋግ የንብ ሰም አሽቻቸው ስለነበር ተጎተቱና ወጡ። አንድ አንዱን «መጣ» እያለ ይነግረኛል፣ እኔም «ተመስገን» እላለሁ። ከታች ሁለቱም ወጡ፤ ትንሽ አስለፉት እንጂ። ስድስተኛው ግን ወለሉ አጠገብ ነው፤ እርጥበት አግኝቶት ዝጓል። መፍቻው ሲያመልጥ ድምፁን ሰማሁ። ቅጭ ይላል፤ የመስቀሉ ማዕዘን ሲበላ የሚወጣ ድምፅ ነው።

«ጫን ይበሉ አባ። ክብደትዎን ይጣሉበት።»

«ጫንኩ።»

ቅጭ።

«አልጫኑም። ድምፁ ይነግረኛል። በደረትዎ ይደገፉት፣ ከዚያ ቀስ አድርገው ያዙሩት።»

ቅጭ። ቅጭ።

«አባ፣ እየበሉት ነው። ምነው አይጫኑትም?»

በቀስታ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ «መስቀል ላይ እንዴት ክብደቴን እጥላለሁ?» አለኝ።

ከኋላዬ ያሉት ካህናት «እውነት ነው» እያሉ አጉረመረሙ። ነገሩ ገባኝ። ያ ሁሉ ጊዜ ብረቱን በመስቀሉ ላይ ላለመጫን ሲል በጣቱ ጫፍ ብቻ ነበር የሚያዞረው። አምስቱ የወጡለት በሰሙ ደግነት ነው። ይህን ስህተት ኮረም ያለው አናጢ አይሠራውም፤ አሜሪካኑም አይሠራውም። የሠራው የእኔ ውሸት ነው፤ የሚያምነኝ ሰው እጅ ላይ ቆይቶ ሠራው።

«አሁን ምን ይመስላል?» አልኩት።

«መስቀሉ የለም። ጉድጓድ ነው።»

በአንድ ብሎን ብቻ የቀረ መዝጊያ ነው፤ ግን ቢጎትቱት ዋንዛው ይሰነጠቃል። አንድ መላ ብቻ ነበር። ራሱ ጉብ ያለ በመሆኑ በመጋዝ ምላጩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ስንጥቅ ሊወጣበት ይችላል። ያን ጊዜ ባለ ስንጥቅ ይሆንና በቢላዋውም ይፈታል። ባለ ጠፍጣፋ ራስ ቢሆን ይህም አይሆንም ነበር። ነገርኩት። ምላጩንም በመጋረጃው ሥር ሰደድኩ። እጁ አልወጣም።

«መስቀል በመጋዝ ልቁረጥ?» አለ።

«ሌላ መንገድ የለም አባ።»

«ይቅር። አይወጣም ብሎ ከሆነ አይወጣም። ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ ለሕዝቡ ወጥቼ እነግራለሁ።»

ከውጭ ከበሮ መሰማት ጀምሯል። ሰው ከሰሃላ በኩል ሳይቀር ሌሊቱን ተጉዞ የመጣ ነው፤ ግቢው ሞልቷል። ያ ሰው ከዚያ ሕዝብ ፊት ወጥቶ ታቦቱ አልወጣም ሊል ነው፤ የሚለውም በእኔ ምክንያት ነው። ሽማግሌው ቄስ ክንዴን ነካ አድርገው «በል እንጂ፣ አንድ ነገር በለው» አሉኝ። ምን እንዳለብኝ ያውቁ አይመስለኝም።

«አባ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፤ ካልጮህኩ ወደ ኋላ እንደምል አውቄዋለሁ። «መስቀል አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን የተሠራም አይደለም። የአሜሪካን የማሽን ሣጥን ክዳን የታሰረበት ብሎን ነው። መፍቻው መሃሉን እንዲይዝ ብለው ነው ሁለት ስንጥቅ ያደረጉበት፤ ሌላ ምንም የለበትም። ያን ጊዜ የነገርኩዎት ውሸት ነው።»

ከአንገቴ ጀምሮ እስከ ጆሮዬ በሀፍረት ጋልኩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሰው እንዲያ አያፍርም ብዬ አስብ ነበር፤ ያፍራል ለካ። ከመጋረጃው ወዲያ የጧፉ ብርሃን ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ በኽምጣኛ ተናገረኝ። ካህናቱ ግማሾቹ አልገባቸውም። እኔ ግን ያን ቋንቋ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ለእኔ ተብሎ ሲነገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። «እኅቴ ታውቅ ነበር?» ነው ያለኝ።

«ታውቅ ነበር» አልኩት፣ በዚያው በተሰባበረ ኽምጣኛዬ። «ስቃብኛለች። ወንድሜን አሞኘኸው ብላኛለች።»

እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላውቅም፣ አንድ ትንፋሽ ተነፈሰ። እጁ በመጋረጃው ሥር ወጣና ምላጩን ወሰደ። ቆይቶ የመጋዙ ድምፅ ተሰማ፤ መጀመሪያ ፈራ ተባ፣ በኋላ ግን ጠበቅ ብሎ። በየመሃሉ «ስንት ጥልቀት?» ይላል። «የጥፍር ውፍረት ይበቃል» እላለሁ። በመጨረሻ ቢላዋውን ሲያስገባ ብሎኑ አንዴ ጮኸና ተንቀሳቀሰ። «መጣ» አለ። ካህናቱ ተንበርክከው ሰገዱ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆየሁ፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

ታቦቱ ከሌሎቹ እኩል ወረደ። ያከበረው እሱ ነው፤ በራሱ ተሸክሞ፣ ጥላ ተዘርግቶለት። እኔ ከሕዝቡ ጋር ከኋላ ነበርኩ፤ አቧራውን እየበላሁ፣ እግሬን እየጎተትኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሲመለስ ይመጣል፣ ብዬ አሰብኩ፤ ከቃና ዘገሊላ በኋላ ይመጣል። ለአሁኗ ባለቤቴም ነገርኳት። እሷ ደግ ሴት ናት፤ እሷን በማግባቴ የሆነውን ሁሉ ታውቃለች፣ አንድ ቀን እንኳ አላማረረችኝም። ቤቱን ጠርጋ ጠበቀች።

እውነትም መጣ። በቃና ዘገሊላ ማግስት ጧት ደጃፌ ላይ ቆሞ አየሁት፤ መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞታል። ባለቤቴ በርጩማ ይዛ ስትሮጥ «እኅቴ፣ ተይው፣ አልቆይም» አላት። እኅቴ ሲላት ሰማሁ፤ ልቤ በዚያች ቃል ተስፋ አደረገ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ደክሞታል፣ እንደ እኔው። ሁለታችንም አርጅተናል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ» አለኝ። «የዛሬውን እውነቱን ንገረኝ። ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ እኔም አንተም ከሌለን በኋላ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ካህን መንበሩን መፍታት ቢያስፈልገው የትኛው ብሎን ይሻለዋል?»

ባለ መስቀሉ ነው ብዬ ብመልስለት አይዋሽብኝም ይል ይሆናል፤ ውሸትም አይሆንም ነበር። በእርግጥ እንጨት አይልጥም፣ እጅ አይወጋም፣ ካወቁበት አጥብቆ ይይዛል። ባለ ስንጥቁ ሲያመልጥ የመንበሩን ዋንዛ ሊጭረው ይችላል። ይህንን ብነግረው ያምነኛል። ባለ መስቀሉ እስካለ ድረስ ደግሞ መፍቻው የእኔ ነው፤ ማጠፊያው በላላ ቁጥር፣ ቁልፉ በተበላሸ ቁጥር እኔ እጠራለሁ፣ መጋረጃው ፊት እቆማለሁ፣ እሱም ከወዲያ በኩል «ስንት ነው» ይለኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል የሚሆን ነበር። ግን ለዚያ ሰው ሁለተኛ መዋሸት ደከመኝ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገር ደክሞኝ ነበር።

«ባለ ስንጥቁ» አልኩት። «ማንም ይፈታዋል። የግድ የእኔ መፍቻ አያስፈልገውም።»

ራሱን ነቀነቀ። እንደዚያ ይሆናል ብሎ አስቦ የመጣ ይመስለኛል። ከሳጥኔ ስድስት የናስ ብሎን፣ ባለ ስንጥቅ፣ መርጬ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ናስ አይዝግም፣ እርጥበቱንም ይችለዋል አልኩት። አንድ በአንድ ቆጠራቸው፤ እንደ ድሮው አልተሳለማቸውም።

«መጋረጃው ፊት ቆሜ ልምራዎት?» አልኩት።

«አያስፈልግም። አስተምረኸኛል እኮ፤ አሁን እችለዋለሁ።»

መፍቻውን ከነጨርቁ በርጩማው ላይ አስቀመጠልኝ። እጄን ጨበጠኝ፣ ጠበቅ አድርጎ፤ የተበሳጨ ሰው እንዲያ አይጨብጥም። ትከሻዬን ሳነሣ ሲያመኝ አይቶ ኖሮ ራራልኝ። «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለኝ። «እጅህ ደክሟል፤ ከእንግዲህስ አላስቸግርህም።»

ከደጁ ሲወጣ ባለቤቴ ምን አለህ አለችኝ። አላስቸግርህም አለኝ አልኳት። እሷ ደስ አላት፣ ታረቃችሁ ማለት ነው ብላ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት እንዲያስቸግረኝ ነበር።